ድሬዳዋ፤ ሁለት ባቡር ያየች ከተማ

የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና አልቆ የተማሪዎቼን ውጤት ባነበብሁበት ቀን፣ ከኋለኛው ረድፍ አንድ ልጅ እጁን አነሣ። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ብዙ አይናገርም፤ ሲናገር ግን አስቦበት ነው። «መምህር፣» አለኝ፤ «እኛ የምንማረውን ሥራ ሁሉ መኪና ሊሠራው ነው ይባላል። ደብዳቤውን ይጽፋል፣ ሒሳቡን ያሰላል፣ ሥዕሉንም ይሥላል። እንግዲያውስ እኛ ተምረን ስንወጣ የሚጠብቀን ምንድን ነው?»

ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። እኔ ግን መልስ ስላልነበረኝ አልሣቅሁም። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና ስለ ዝናምና ስለ ነፋስ ቢጠይቀኝ ኖሮ ሳላመነታ በመለስሁለት ነበር። «ከዕረፍት በኋላ እንነጋገርበታለን» ብዬ አለፍሁት። አስተማሪ መልስ ሲያጣ የሚሸሸግበት ዋሻ ይኸው «ከዕረፍት በኋላ» የሚባለው ነው።

ማታ ቤቴ ሆኜ የልጁን ጥያቄ ሳሰላስል አጎቴ ትዝ አሉኝ። አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በድሬዳዋ ከተማ በባቡር ጥገና ሥራ የጨረሱ ሰው ናቸው። ድሬዳዋን አንድ መኪና ወለዳት፣ አሳደጋት፣ ኋላም አርጅቶ ተዋት፤ ዛሬ ደግሞ ሌላ መኪና በደጅዋ ያልፋል። የተማሪዬ ጥያቄ እዚያች ከተማ አንድ ጊዜ ተጠይቆ፣ ግማሽ መልስም አግኝቶ ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብሁ። የዕረፍቱ ሳምንት እንደ ገባ ሻንጣዬን አንሥቼ ወደ ለቡ ባቡር ጣቢያ ሄድሁ።

ከለቡ እስከ ሞጆ

የቀድሞው የአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ በከተማው እምብርት የነበረው ለገሃር ነው፤ ስሙም ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን «ጣቢያው» ማለት ነው። የአሁኑ ጣቢያ ግን ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ ተሠርቷል። ሻንጣችን በመፈተሻው መኪና ሆድ ገብቶ ከወጣ በኋላ፣ ረጃጅም ዐምዶች ባሉት አዳራሽ ተቀምጠን የመሳፈሪያውን ሰዓት ጠበቅን።

ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መሆኑን፣ ለእኅቱ ሠርግ ወደ ድሬዳዋ እንደሚሄድም ነገረኝ። ወሬያችን ገና ሳይሞቅ ስለ ሥራው አነሣ። «አራት ነን፤» አለ፤ «ሥራችን ፋይል ማውጣትና ፋይል መመለስ ነበር። አሁን ወረቀቱ ሁሉ ፎቶግራፍ እየተነሣ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። ገብቶ ሲያልቅ እኛ ወዴት እንደምንገባ የነገረን የለም።» ይህን ሲናገር ፈገግ ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ፈገግታው ከዓይኑ አልደረሰም። እኔም የተማሪዬን ጥያቄ ነገርሁት። «አየህ፣» አለኝ፤ «ያ ልጅ ወንድሜ ነው።»

ባቡሩ ተነሣ። በናፍጣ የሚሄደውን አሮጌ ባቡር የሚያስታውሱ ሰዎች መጀመሪያ የሚገርማቸው የዚህኛው ዝምታ ነው። ጭስ የለም፤ ጉርምርምታም የለም። ከሐዲዱ በላይ በተዘረጋው ሽቦ ውስጥ 25,000 ቮልት ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ በሎኮሞቲቩ ጣራ ላይ ያለው ክንድ ሽቦውን እየታከከ ኃይሉን ወደ ሞተሮቹ ያወርዳል። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በአብዛኛው ከወንዞቻችን የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ተሳፋሪው ሳይታወቀው የሚጓዘው በውኃ ጉልበት ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ተገላብጦ ማመንጫ ሊሆንና ባቡሩን እየገታ ኃይል ሊመልስ ይችላል። ከደጋ ወደ ቆላ ለሚወርድ መስመር ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስትሆን፣ ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ብቻ ናትና።

ቢሾፍቱን አልፈን ሞጆ ስንደርስ፣ በመስኮቱ የታየን የደረቁ ወደብ ነው። ኮንቴይነሮቹ እንደ ልጆች መጫወቻ ተደራርበዋል። ድሮ በየጣቢያው ጆንያና ሣጥን የሚያወርድና የሚጭን የሠራተኛ ብዛት የገበያ ቀን ይመስል ነበር ይባላል። ዛሬ አንድ ሰው በአንድ ክሬን ላይ ተቀምጦ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ፣ የሃምሳ ተሸካሚ ጭነት ከምድር ወደ ሰማይ ይነሣል። የመዝገብ ቤቱ ወጣት ክሬኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከተና «ተሸካሚዎቹስ ወዴት ገቡ?» አለ። ማንም አልመለሰለትም።

የግመሉ ዘመንና የባቡሩ ዘመን

ከአዳማ በኋላ አገሩ ይለወጣል። መተሐራ አጠገብ የፈንታሌ ተራራ፣ በስተግርጌውም ቅዝቅዝ ብሎ የቀረ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከዚያም የበሰቃ ሐይቅ ይታያሉ። ሐይቁ ባለፉት ዐሥርታት እያደር እየሰፋ መንገዱንና ሐዲዱን ሲያሠጋ የኖረ ነው። ከዚህ ወዲያ ግራርና ቁጥቋጦ፣ አልፎ አልፎም የግመል መንጋ ነው። አንድ ቦታ ላይ ባቡሩ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ወደ ውጭ ብንመለከት አንድ እረኛ ግመሎቹን ከሐዲዱ እየመለሰ ነበር።

ይህ እረኛ የአንድ ትልቅ ታሪክ ቅሬታ ነው። ባቡር ከመምጣቱ በፊት የዚህ አገር ጭነት ሁሉ የሚጓዘው በግመልና በበቅሎ ነበር፤ ከባሕር ጠረፍ እስከ ሸዋ ለመድረስም ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፈቃዱ የተሰጠው ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወርም ሐዲዱ ዛሬ ድሬዳዋ ከምትገኝበት ሜዳ ደረሰ። አስቀድሞ የታሰበው ባቡሩ ሐረር እንዲገባ ነበር። ነገር ግን ከሜዳው ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ እጅግ አቀበት ስለ ሆነና ወጪውም ስለ በዛ፣ ባቡሩ ከተራራው ሥር ቀረ። ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል በራቀው በዚያ ሜዳ ላይ ጣቢያና የጥገና ቤት፣ የሠራተኛም መኖሪያ ተሠራ። ከተማዪቱ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ርዝመቱም በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ሆነ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሌላውን በአዋሽ ያድር ነበር። ሦስት ቀን ለዛሬ ሰው ብዙ ነው፤ ሳምንታት ለለመደ ሰው ግን ተአምር ነበር። ለአንዱ ተአምር የሆነው ለሌላው መርዶ መሆኑንም መርሳት አይገባም። ባለ ግመሎቹ፣ መንገድ መሪዎቹ፣ በየሰፈሩ ውኃና መኖ የሚሸጡት፣ ሁሉም ሥራቸው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከእጃቸው ወጣ። ሐዲዱ በሚያልፍበት አገር የነበሩ ዘላኖች ሥራውን ይቃወሙ የነበረው በከንቱ አልነበረም። በእንግሊዝ አገርም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1811 እ.ኤ.አ. የተነሡት ሉዳይት የተባሉት ሠራተኞች የሽመና መኪናዎችን በመዶሻ ሰባብረዋል። ኮሌጅ ሳለን ይህን ስንማር በአላዋቂነታቸው እንሥቅ ነበር። ዛሬ እንደዚያ አልሥቅም፤ መኪናውን የጠሉት መኪና ስለሆነ ሳይሆን እንጀራቸውን ይዞባቸው ስለ ሄደ ነውና።

ከተማው ውስጥ

ጧት ተነሥተን፣ አዋሽንና ሚኤሶን አልፈን፣ ከቀትር በኋላ ድሬዳዋ ገባን። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ የቆመ ነው። ከመዝገብ ቤቱ ወጣት ጋር ስልክ ተለዋውጠን ተለያየን። እኔም ባጃጅ ይዤ ወደ ከተማው አመራሁ። የባጃጁ ነጂ ከእኔ በዐሥር ዓመት ቢያንስ ነው፤ ሆኖም «አቦ አንተ፣ ግባ እንጂ! ፀሐይ ላይ ምን ያቆምሃል?» አለኝ። ድሬዳዋ ሹሙንም ተማሪውንም «አንተ» ብላ የምትቀበል ከተማ ናት፤ ሙቀቷ ከሰማይ ብቻ አይደለም።

ከተማዪቱን ደቻቱ የሚባለው አሸዋማ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ዓመቱን በሙሉ ደረቅ ሆኖ ይከርምና፣ ከተራራው ላይ ዝናም ሲጥል ድንገት ይሞላል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ወስዷል። በወንዙ አንድ ወገን ከዚራ ነው፤ የባቡሩ መሐንዲሶች በገመድ ለክተው የቀየሱት፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ጥላ የሠራበት ሰፈር። በሌላው ወገን መጋላ ነው፤ መንገዱ እንደ ሰዉ ፍላጎት የታጠፈና የተጣመመ፣ የቀፊራ ገበያም ያለበት። በገበያው መካከል ስታልፍ አማርኛና ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪኛ፣ ዐረብኛም በአንድ ጊዜ ትሰማለህ። አንዲት እናት ሎሚ ሸጡልኝና ገንዘቡን አውጥቼ ልሰጥ ስል «ልጄ፣ ዝርዝር የለኝም፤ በስልክ ላክልኝ» አሉ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር የአራት ብር ሎሚ ዘንድ ሳይቀር ደርሷል። ድሮ ዝርዝር የምትሸጠው ልጅ ግን ከጎናቸው አልነበረችም።

አጎቴ የሚኖሩት ከአሮጌው ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ነው። ስደርስ ጥላ ሥር ተቀምጠው ራዲዮ ይፈታሉ። «አንተ ልጅ፣ ከሳህ! ኖራው ነው የበላህ?» ብለው ሳሙኝ። ለእርሳቸው አስተማሪ ማለት ኖራ የሚበላ ፍጥረት ነው።

በአሮጌው ጋራዥ

በማግሥቱ አጎቴ ወደ አሮጌው የባቡር ጣቢያ ይዘውኝ ሄዱ። የድሬዳዋ ሽማግሌዎች ቦታውን እስከ ዛሬ ድረስ «ሸሚንደፈር» ይሉታል፤ ይህም የምድር ባቡር የፈረንሳይኛ ስሙ ነው። ጠባቂው አጎቴን ሲያይ ተነሥቶ እጅ ነሣ፤ እርሳቸውም የገዛ ቤታቸው በር እንደ ተከፈተላቸው ሰው ገቡ።

የጥገናው አዳራሽ ሰፊ ነው፤ ብርሃን ከጣራው በኩል በአቧራው ውስጥ ይወርዳል። ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ያሉ ቶርኖዎች፣ ሞርሳዎችና መብሻዎች በረድፍ ቆመዋል፤ በአንዳንዱ ላይ የፈረንሳይ ፋብሪካ ስም በብረት ተጽፏል። አጎቴ አንዱን ቶርኖ በመዳፋቸው ዳሰሱት። «በዚህ ላይ ነው የተማርሁት፤» አሉ፤ «በ1962 ዓ.ም. ስገባ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከፈረንሳይ አገር ዕቃ እስኪመጣ ስድስት ወር ስለሚፈጅ፣ የጠፋውን ሁሉ እዚሁ ቀርጸን እናወጣው ነበር።»

ያስተማሯቸው አለቃ በወጣትነታቸው የእንፋሎት ባቡር እሳት አንዳጅ ነበሩ። የእንፋሎቱ ሎኮሞቲቭ አንድ ነጂና አንድ እሳት አንዳጅ ይፈልጋል፤ ውኃ ደግሞ እንደ ግመል ሳይሆን እንደ ዝሆን ይጠጣል። በዚያ በረሃ ውኃ ማቅረብ ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ ነበር። ከጣሊያን ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሲመጣ እሳት አንዳጅ አላስፈለገም፤ ውኃ ቀጂም፣ አመድ ጠራጊም እንዲሁ። «አለቃዬ እንደነገሩኝ፣» አሉ አጎቴ፤ «አብዛኞቹ እሳት አንዳጆች ናፍጣውን ‹የሚገማ ሞተር› እያሉ ተሳለቁበት። እርሳቸው ግን ማታ ማታ ነጭ ጋዝ አብርተው የሞተሩን ሥዕል አጠኑ። ፈረንሳይኛውን ባያነቡ ሥዕሉን አነበቡ። የተሳለቁት በመጥረጊያ ጡረታ ወጡ፤ እርሳቸው በአለቅነት።»

«እርስዎስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

አጎቴ ጥቂት ዝም አሉ። «እኔማ የአለቃዬን ታሪክ ለሰው ሁሉ አወራሁ፤ ለራሴ ግን አልሰማሁትም። የኤሌክትሪክ ትምህርት ማታ ማታ ይሰጣል ሲሉን፣ እኔ የማላየውን ነገር አልጠግንም ብዬ ሣቅሁ። ናፍጣ እስከ ልጅ ልጄ የሚቆይ መስሎኝ ነበር።» የአዲስ አበባውና የድሬዳዋው አሮጌ መስመር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሲቆም፣ አጎቴ የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸው ለጡረታ አልደረሰም፤ ለአዲስ ትምህርት ደግሞ አልፏል ተብሎ ነበር። «ሃምሳ ስድስት ዓመት፣» አሉ ቶርኖውን እየተዉ፤ «ለመሞት ገና ነው፤ ለመጀመር ደግሞ ማን ይፈቅድልሃል?»

ስለ አሮጌው ባቡር የሚተርክ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ሊቶሪናውን፣ በየጣቢያው የሚሸጠውን ፍራፍሬ፣ የመንገዱን ጨዋታ ነው። ይህም መልካም ነው። ነገር ግን የቆመ መኪና አጠገብ የሚቆመውን ሰው የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

የፓምፑ ነገር

የአጎቴ ታናሽ ልጅ ግን ከአባቱ የተለየ መንገድ ነው የያዘው። በቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ተምሮ፣ ዛሬ በአዲሱ ባቡር መስመር ሽቦ ጥገና ላይ ይሠራል። ይህ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው መስመር በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ መደበኛ አገልግሎቱን በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የጀመረ ነው። መጀመሪያ የቻይና ባለሙያዎች ሲያንቀሳቅሱት ቆይተው፣ ሥራው ከእነርሱ እየተማሩ ወደ መጡት ኢትዮጵያውያንና ጅቡታውያን ተላልፏል። የአጎቴ ልጅም ከተማሩት አንዱ ነው። አሮጌው ሐዲድ አንድ ሜትር ስፋት ሲኖረው አዲሱ አንድ ሜትር ከ43 ተኩል ሳንቲ ሜትር ነው፤ በአባትና በልጅ መካከልም ያለው ልዩነት ከዚህ ብዙ አይበልጥም ብዬ ቀልጄባቸዋለሁ።

ማታ ራት ልንበላ ስንል፣ በግቢው ያለው የውኃ ፓምፕ ማቃሰት ጀመረ። አጎቴ ረጅም ካቻቢቴ አምጥተው ጫፉን በፓምፑ ገላ ላይ፣ እጀታውን በጆሮአቸው ላይ አደረጉ፤ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። «ኩሽኔታው ነው፤ የኋለኛው» አሉ። ልጃቸው ደግሞ መለኪያውን አምጥቶ ሽቦው ላይ አሰረና «አባዬ፣ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ኤሌክትሪክ እየሳበ ነው፤ ሊቃጠል ነው» አለ። ከዚያም ሁለቱ ይከራከሩ ጀመር።

እኔም በመካከላቸው ሆኜ ስልኬን አወጣሁና ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያወራለትን አሳቢ መኪና፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን፣ በአማርኛ ጠየቅሁት። ፓምፑ እንዲህና እንዲህ ያለ ድምፅ ያሰማል፣ ምን ሆኖ ይሆን? መልሱ ከመቅጽበት መጣ። ዐሥር ምክንያት በተራ ቁጥር ደረደረልኝ፤ የኩሽኔታው ማለቅ ሰባተኛው ነበር። አነበብሁላቸው። አጎቴ በጥሞና አዳምጠው «ዐሥሩንም ያውቃል፤» አሉ፤ «የትኛው እንደሆነ ግን አያውቅም።»

ፓምፑን አጥፍተን ፈታነው። የኋለኛው ኩሽኔታ ተበልቶ አልቋል፤ ፍትጊያውም ሞተሩን ስላስጨነቀው ነው ከልኩ በላይ ኤሌክትሪክ የሳበው። አባት በጆሮው ያገኘው ምክንያቱን ነበር፤ ልጅ በመለኪያው ያገኘው ውጤቱን። ልጁ ባይለካ ፓምፑ እስኪነጋ ድረስ ተቃጥሎ ያድር ነበር፤ አባቱ ባይሰሙ ሞተሩ ተለውጦ፣ አዲሱም በሳምንቱ ይቃጠል ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ለስብከት የሚመች ይሆን ነበር። ግን የአጎቴ ልጅ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «አባዬ፣ ጆሮህንም ሠርተውታል እኮ፤» አለ፤ «በሌላ አገር በሐዲዱ ዳር ተተክሎ፣ የሚያልፈውን ባቡር ኩሽኔታ ሙቀቱን የሚለካ፣ ድምፁንም የሚያዳምጥ መሣሪያ አለ።» እውነቱን ነው፤ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች አሉ። አጎቴ ብዙ ዝም ብለው ቆዩና «የታመመው ድምፅ የትኛው እንደሆነ ማን ነገረው?» ብለው ጠየቁ። «የሚያውቁ ሰዎች፣» አለ ልጁ። «እንግዲህ ጆሮ ያላቸው ሰዎች ሲያልቁ ማን ሊነግረው ነው?» አሉ። ለዚህ ጥያቄ ከሁለታችን መልስ የሰጠ አልነበረም።

ከጉዞው ያገኘሁት

በመመለሻዬ ባቡር ላይ ይህን ሁሉ አወጣሁ አወረድሁ። ደብዳቤ የሚጽፈው መኪና ምሥጢሩ ጥንቆላ አይደለም። እጅግ ብዙ ጽሑፍ አንብቦ፣ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል መገመት የተማረ ነው። ስለዚህ በብዙ የተጻፈበትን ነገር ጥሩ አድርጎ ይናገራል፤ ጥቂት የተጻፈበትን ነገር ግን በዚያው ልበ ሙሉነት ሊሳሳት ይችላል። በአማርኛችንና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ገና ጥቂት ነው የተጻፈው። የአጎቴ ካቻቢቴና የአለቃቸው የሞተር ሥዕል በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፉም። ባልተጻፈው ነገር ላይ ደግሞ መኪናው ገና ተማሪ ነው፤ አስተማሪው እኛው ነን።

ሁለተኛ፣ መኪና የሚወስደው ሥራን በጅምላ አይደለም፤ ሥራውን በጣጥሶ የሚደጋገመውን ክፍል ይወስዳል። የእሳት አንዳጁን አካፋ ወሰደ፤ የሐዲዱንና የሞተሩን ጠባይ ማወቅን ግን አልወሰደም። ይህን ለይቶ ያወቀ ሰው ከአካፋው ጋር አብሮ አልተጣለም። እኔም የራሴን ሥራ እንዲሁ በጣጠስሁት። የተማሪን ፈተና ማረም፣ ውጤት መደመር፣ ማስታወሻ በጥቁር ሰሌዳ መገልበጥ፣ እነዚህ ቢወሰዱብኝ አላለቅስም። የኋለኛው ረድፍ ልጅ እጁን ሲያነሣ ከጥያቄው በስተጀርባ ያለውን ሥጋት መስማት ግን የእኔ ካቻቢቴ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። የአጎቴ አለቃ በነጭ ጋዝ ብርሃን አጥንተው ራሳቸውን አዳኑ፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ለአንድ ጎበዝ የሚሆን ምክር ለመቶ ሰው መፍትሔ አይሆንም። የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው እንደገና ቢማር፣ በሚማርበት ጊዜ ልጆቹን ማን ይመግባል? የእንግሊዙ የኢኮኖሚ ሊቅ ጆን ሜይናርድ ኬንዝ በ1930 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፉ፣ መቶ ዓመት ሲሞላ ሰው በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ እየሠራ ይኖራል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። መቶ ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፤ መኪናው በእርግጥ ብዙ ሥራ አቀለለ፤ የተረፈው ጊዜና ሀብት ግን ለሁሉ እኩል አልታደለም። አዲስ መኪና የሚገዛ መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ከመኪናው ዋጋ ጋር የሠራተኞቹን ማስተማሪያ ዋጋ አብሮ ቢያስብ፣ ከመዝገብ ቤቱ ወጣት ጋር በለቡ ጣቢያ የተጫወትነው ጨዋታ ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

ስለዚያ ወጣትም የሰማሁትን ልንገራችሁ። ከተመለስሁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለልኝ። ፋይሎቹ ሁሉ ኮምፒዩተር ገብተዋል፤ ነገር ግን አንድ ባለጉዳይ የአባቱን መዝገብ ሲጠይቅ አልተገኘም፤ መዝገቡ የተከፈተው በአያትዬው ስም ነበርና። ይህን የሚያውቅ እርሱ ብቻ ሆነ። አሁን መዝገቦቹ በየትኛው ስም ሊፈለጉ እንደሚችሉ እየጻፈ የሚያስገባው እርሱ ነው። «የተቀሩት ጓደኞችህስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አንዱ ከእኔ ጋር ነው፤ ሁለቱ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረዋል፤ አንደኛው ደስ አላለውም» አለኝ። እውነተኛ ወሬ እንዲህ ነው፤ ግማሹ ደስታ፣ ግማሹ ሐሳብ።

ሁለተኛው ሴሚስተር ሲከፈት ቃሌን ጠበቅሁ። ለተማሪዎቼ ስለ ባለ ግመሎቹ፣ ስለ እሳት አንዳጁ፣ ስለ አጎቴና ስለ ፓምፑ ነገርኋቸው። በመጨረሻም «የሥራችሁን መሣሪያ ብቻ አትማሩ፤ መሣሪያው ያረጃል። መሣሪያው የሚያገለግለውን ነገር ተማሩ። ደግሞም አዲስ ነገር ሲመጣ አትሣቁበት፤ አጎቴ ሥቀው አይተውታል» አልኋቸው።

ያ ልጅ እንደገና እጁን አነሣ። «መምህር፣ እሺ እንማራለን፤» አለ፤ «ሃምሳ ስድስት ዓመት ሲሞላን ግን የሚያስተምረን ይኖራል?»

በዚህ ጊዜ «ከዕረፍት በኋላ» አላልሁትም። «እስከዚያው ከእናንተ መካከል ሹም የሚሆን፣ ሥራ አስኪያጅ የሚሆን፣ ሕግ የሚያወጣም ይኖራል፤» አልሁት፤ «ያን ጊዜ ይህን ጥያቄህን አትርሳው።» ልጁ ደብተሩን ገልጦ ጥያቄውን ጻፈው። እኔም ኖራዬን አንሥቼ የዕለቱን ትምህርት ጀመርሁ።